አያን በስልክ ያወገዝኩ ጊዜ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፦ ቄስ አይደለሁም። ዲያቆንም ሆኜ አላውቅም። አስረኛ ክፍል ላይ የሂሳብ አስተማሪው «ውጣ» ሲለኝ ወጥቼ በዛው የቀረሁ፣ አዘዞ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ የመጣውን እየሰደብኩ እከፍትለታለሁ። ሰው ማውገዝ ስራዬ አይደለም። ግን አወገዝኩ። አሁን ወደ አገር ቤት ስወጣ «አቡነ ጠጋኝ መጡ፣ መስቀል እንሳለም» እያሉ ይስቁብኛል። እነሱ ጨማምረው ሳይጨርሱት እኔው ልናገረው።

ጥፋቱ የአክስቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ፣ ከአዘዞ አለፍ ብላ ባለችው ፀዳ አንድ ክፍል ተከራይቶ ላፕቶፑን እንደ ጨቅላ ታቅፎ የሚውል ልጅ ነው። አገራችን ከዳባት በላይ ናት፤ ሰዉ ግን ጎንደር፣ ባህር ዳር፣ አዲስ አበባ ተበትኗል። እሱ ሆዬ «የአገር ልጆች የሚገናኙበት አፕ እሰራለሁ» ብሎ ተነሳ። ለቅሶ የሚነገርበት፣ ሰርግ የሚጠራበት፣ የጠፋ በሬ የሚፈለግበት። ሸጋ ሀሳብ ነው፣ አልዋሽም። ሰራውም። አገሩ በሙሉ ገባበት፤ ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በጎረቤቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

ታዲያ አንድ ቀን ሱቄ መጣ።

«ስማ፣ አንተ አፍ አለህ» አለኝ።

«ምነው፣ ልትገዛው ነው?»

«ቃል ፈልጌ ነው። የሚረብሽ ሰው ሲመጣ አድሚኑ የሚጫናቸው በተኖች አሉ። ዋርን፣ ዲሊት፣ ባን። የአገር ሰው ይሄ አይገባውም። አማርኛ ስጠኝ።»

«ዩኒቨርስቲ ያን ሁሉ ጊዜ ስትኖር አማርኛ አልሰጡህም?»

«የኔ አማርኛ ደብዳቤ ደብዳቤ ይሸታል።»

እውነቱን ነው። የጻፈውን አሳየኝ፦ «የማህበረሰቡን መመሪያ በመተላለፍዎ ተሳትፎዎ ለጊዜው የተገደበ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» ሳነበው እንቅልፌ መጣ።

«ይሄ የደረሰው ሰው እኮ ተሸለምኩ ነው የሚለው» አልኩት። «ለማስጠንቀቂያው ‘ተው ብያለሁ’ በለው።»

«ሴት ብትሆንስ?»

«ተይ ብያለሁ።»

«ሽማግሌ ቢሆኑስ?»

«ይተዉ ብያለሁ። ምን ያስቸግራል?»

«ሲስተሙ ማን ሴት፣ ማን ሽማግሌ እንደሆነ አያውቅም።»

«ታዲያ ሲስተም ነው ይሄ? የኛ ቤት ውሻ እንኳ ሽማግሌ ሲመጣ አይቶ ይለያል!»

ተናደደ። እኔም ተናደድኩ። መጨረሻ ላይ ማንንም «አንተ» የማይል፣ ማንንም «አንቺ» የማይል ቃል መፈለግ ጀመርን። ለማስጠንቀቂያው «ነውር» አልን። ሸጋ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል። ለተሰረዘ ጽሁፍ «ተነስቷል»። ባን ላይ ተጣላን። እሱ «እገዳ» ይላል።

«እገዳን ማን ይፈራል? የሚታገደው ኳስ ተጫዋች ነው፤ ሁለት ጨዋታ ተኝቶ ይመለሳል። አጥንት የሚያቀዘቅዝ ቃል ነው የሚያስፈልግህ።»

«ምን ለምሳሌ?»

«ውጉዝ።»

ቃሉን በአፉ ደገመው። ከዛ ሳቀ። ከዛ ላፕቶፑን ከፍቶ ጻፈውና «አጭር ነው፣ በተኗ ውስጥ ልክክ አለ» አለ። በቃ፣ የአገር ክብር የተሸጠው በበተን ስፋት ነው። ከተወገዘው ሰው ስም ጎን እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነው። ቀይ ቀለም የቀባውም እሱ ነው። ይሄ ይያዝልኝ። እኔን ደግሞ አድሚን አደረገኝ፤ ሱቅ ቁጭ ብዬ ስለምውል ስራ የለውም ብሎ መሰለኝ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር። የፀጉር ቅባት የሚሸጥ አንድ ነዝናዛ መጣ፣ አወገዝኩት። ባህር ዳር ያለ አንድ ጎረምሳ ስለ እናቴ ያልሆነ ነገር ጻፈ፣ አወገዝኩት። የከተማው ልጆች ሳቁ፣ «ውጉዙ ሰላም ነው?» እየተባባሉ ተቀላለዱ። እኔም ልቤ አበጠ። ሻይ ቤት ስገባ ሰው የሚነሳልኝ ይመስለኝ ነበር። አልተነሳም።

አሁን ወደ አያ እንምጣ። አያ የአባቴ ሚዜ የነበሩ፣ አገር ቤት ከአባቴ ቤት ጎን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። ግን ወሬ! ሰላምታ ከጀመሩ ሰውየውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ በሬዎቹን፣ የጎተራውን ክዳን ሳይቀር ደህንነቱን ጠይቀው ነው የሚያቆሙ። ወንድ ልጃቸው ስልክ ላከላቸውና በድምጽ መላክ ለመዱ። ከዛ ወዲያ አፑ ላይ ሰላም የለም። አንዴማ ስልኩን ሳያጠፉ ኪሳቸው ከተውት እርሻ ወጡና «ና! ተመለስ! ኧረ አንተ ከይሲ!» የሚል ድምጽ ተላከ። ሰው ሁሉ ስራ ፈቶ አዳመጠው። አንዷ ከአዲስ አበባ «አያ፣ በሬው ተመለሰ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ተመልሷል። ያንንም በድምጽ ነገሯት፣ ረጅም ነው።

ጥር ላይ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። መጥሪያውን በአፑ ለመላክ አሰቡ። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ያለው ከመንደሩ በላይ ያለች ጉብታ ላይ ነው። አያ ጉብታው ላይ ይወጣሉ፣ መጥሪያቸውን ይናገራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ አልሄደም ይመስላቸዋል፣ እንደገና ከ«እንዴት ናችሁ» ይጀምራሉ። እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ከሰአት ኔትወርኩ መጣ መሰለኝ ሁሉም ባንዴ ገባ። ስልኬ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጫጫ። እኔ የሰው ስልክ ሆዱን ከፍቼ ይዣለሁ፣ የትንኝ አይን የምታክል ብሎን በወረንጦ አንስቼ ልከታት ነው። ቲንግ! ብሎኗ ወደቀች። ሰዉ ደግሞ «አድሚን የት አለህ? ሞተሃል ወይ?» ይለኛል። ደሜ ፈላ። የአያ ስም ላይ ገባሁ፣ ተጫንኩ፣ ብሎኔን ፍለጋ ጠረጴዛ ስር ገባሁ። ጸጥ አለ። አላገኘኋትም እንጂ ደስ የሚል ጸጥታ ነበር።

ያላወቅኩት ነገር፣ ያ በተን ሲጫኑት ሰውየው የላከውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል። የሰርጉ መጥሪያ ሄደ። የቀረው የአያ ስምና ከጎኑ በቀይ «ውጉዝ» የሚለው ብቻ ነው።

ከተማ ላደገ ሰው ይሄ ቀልድ ነው። አገር ቤት ቀልድ አይደለም። ቄስ ያወገዘው ሰው ቤት እህል አይቀመስም፣ ጠላው አይጠጣም። ሰርግ ደግ ነገር ነው፤ ግን ሰርግ ማለት መብል ነው። ማንም የማይበላበት ሰርግ ምን ይባላል? ለሱም ቃል የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት አያ ደወሉ።

«እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ? ሱቅህ ደህና ነው? አክስትህ ደህና ናት? ብርዱ እንዴት ነው እዛ?»

«ደህና ነን አያ።»

«እኔስ ተወገዝኩ።»

ወረንጦዬን አስቀመጥኩ።

«ሰርጉ እሁድ ነው። ወጥ ሰሪዎቹ ድስታቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሄዱ። ወንድ ቤቶች ‘ቀዩ ሳይነሳ ሙሽራው ዳሳችሁን አይረግጥም’ ብለው ላኩብኝ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ምን አጥፍቶ ነው እየተባለ አንዱ ወሰን ገፍቶ ነው ይላል፣ አንዱ በሁዳዴ እንቁላል በልቶ ነው ይላል። አንተ ከተማ ነህና ጠይቅልኝ፣ ማን ነው ያወገዘኝ? ከጳጳሱ ነው የመጣ?»

«እኔ ነኝ አያ።»

ዝም አሉ። በህይወቴ አያ ዝም ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

«አንተ? መቼ ነው የቀሰስከው?»

«አልቀሰስኩም አያ፣ በተን ነው...»

«ስልክ ይጠግናል ሲሉ ነው የሰማሁት!»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ፀዳ በባጃጅ በረርኩ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ተኝቷል።

«አያን ፍታቸው፣ አሁኑኑ» አልኩት።

«መፍቻ በተን የለውም እኮ። ሳምንት ሲሞላው ራሱ ይፈታል።»

«ማሰሪያ ሰርተህ መፍቻ አልሰራህም?»

«ለሚቀጥለው ቨርዥን አቅጄው ነበር።»

በትራሱ መታሁት። ተነስቶ ማሰብ ጀመረና ቃሉን ከላፕቶፑ ሆኖ መቀየር እንደሚችል ነገረኝ። ለአያ ደወልኩ፣ ገና ጉብታው ላይ ናቸው፣ «አሁን እናጠፋዋለን» አልኳቸው። እምቢ አሉ።

«ድብቅ ብሎ ቢጠፋ ሰው ‘ጉዳዩን በዘመድ ሸፋፈኑት’ ነው የሚል። በአደባባይ የታሰረ በአደባባይ ይፈታል። ወንድ ቤቶች እያዩ፣ ሽማግሌ እያየ። መጥታችሁ ፍቱኝ።»

ቅዳሜ በማለዳ ተነሳን። ሚኒባሱ ወለቃን እንዳለፈ የአክስቴ ልጅ አጠገቡ ለተቀመጡ ሴትዮ ነገሩን ያጫውት ጀመር። ዳባት ስንደርስ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያውቃል። «ያወገዘው ይሄ ነው?» እያሉ ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል። አንዱ «መስቀሉንስ የት አድርጎት ነው?» አለ። ከዛ በእግር ሽቅብ ነው። እኔ የላፕቶፑን ቦርሳ ተሸከምኩ፤ እሱ የተማረ ነው።

ጉብታው ላይ ስንደርስ አገር ተሰብስቧል። አያ ነጭ ጋቢ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከሲታ ሆነዋል። በወዲህ የደብሩ ቄስ ቆመዋል። በወዲያ የወንድ ቤት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ መሪያቸው ረጅም፣ ጭራ የያዙ፣ ሳይናደዱ የተናደዱ የሚመስሉ ሰውዬ ናቸው።

ቄሱ ቀድመው ተናገሩ። «እኔ አላወገዝኩም። ያላሰርኩትን አልፈታም። ስልክ ስልጣነ ክህነት የለውም።»

አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ባለ ጭራው ግን «አባ፣ እርስዎ አላወገዙም እንበል» አሉ። «ከእርስዎ የሚበልጥ አውግዞ ቢሆንስ? ነገሩ ከላይ የመጣ ይመስላል። በኔትወርክ ነው የመጣው።»

ሰው «እውነት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየም አለ።

«ከላይ አይደለም፣ ከአዘዞ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ! ብሎን ጠፍታብኝ ተናድጄ ነው!»

«ለብሎን ሰው ይወገዛል?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከልባቸው ለማወቅ ፈልገው።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ ዘረጋ። «አባቶቼ፣ ቃሉን አሁን እቀይራለሁ። በምን እንተካው?» አለ። ይሄን ባይጠይቅ ኖሮ በአንድ ደቂቃ እንጨርስ ነበር። ሽማግሌ ሰብስበህ ቃል ምረጡ ትላለህ?

«‘ታግደዋል’ ይሁን» አለ ራሱ፣ አሁንም ያችኑ።

ባለ ጭራው ተቆጡ። «የሚታገድ መሬት ነው! ፍርድ ቤት ነው የሚያግድ። መሬቱ ክርክር አለበት ማለት ነው? ይሄን ሳትነግሩን ነው ልጃችንን የምንሰጥ?»

«የለበትም! ኧረ የለበትም!» አያ ከድንጋዩ ተነሱ።

«‘ተቀጥተዋል’ ብንልስ?» አለ አንዱ።

«ምን አጥፍቶ? ይሄው ወደ እንቁላሉ ተመለስን።»

«‘ዝም ብለዋል’።»

«ዝም ያለ ሰው ቂም የያዘ ነው። ቂመኛ ቤት አንጋባም።»

እኔ ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ጸሐዩ አናቴ ላይ ነው። «በቃ ‘አርፈዋል’ በሉት!» አልኩ።

ቄሱ አማተቡ። «አወገዝከው፣ አሁን ደግሞ ገደልከው!»

እንዲህ እየተባባልን እያለ የአያ ሚስት ከታች ከመንደሩ ወጡ። እጃቸው ላይ ማማሰያ አለ፤ ለምን ይዘውት እንደመጡ አልጠየቅኩም፣ እኔን የሚያዩበት አስተያየት ይበቃ ነበር።

«ጥንስሴ ደርሶ ጋኑ ሊፈነዳ ነው» አሉ። «እናንተ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ቃል ትለቅማላችሁ! ነገሩ ምንድነው? ሰውዬው ወሬ አበዛ፣ ዝም በል ተባለ። ይሄ ነው አይደል?»

«ይሄ ነው» አልኩ።

«እኔ ከተጋባን ጀምሮ ወሬ ሲያበዛ ምን እንደማደርገው ታውቃላችሁ? አልሰድበው፣ አላወግዘው። ጠላ በዋንጫ እሰጠዋለሁ። ዋንጫ አፉ ላይ ያለ ሰው አይናገርም። እሱም አያፍር፣ እኔም አርፋለሁ።»

ሰው ሁሉ አያን አየ። አያ ጉንጫቸውን አከኩ። «ለካ ለዛ ነው?» አሉ። «እኔ እኮ ወደሽኝ መስሎኝ!»

ሳቁ ከጉብታው ላይ ወደ ታች ተንከባለለ። ባለ ጭራው ብቻ አልሳቁም፣ ከንፈራቸውን ግን ነከስ አደረጉ።

«‘ጠላ ላይ’» አለ የአክስቴ ልጅ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሎት። «ለወንድም ይሆናል፣ ለሴትም፣ ለሽማግሌም። በተኗ ውስጥም ይገባል!»

«ጠላ የማይጠጣስ?» አለ አንድ ነገር ፈላጊ።

«ቅራሪ ይጠጣ!» አሉ የአያ ሚስት።

«አባ፣ ጠላ ላይ መሆን ነውር አለበት?» ብለው ባለ ጭራው ቄሱን ጠየቁ።

«ካልበዛ የለበትም» አሉ ቄሱ። «ቢበዛም ነውር ነው እንጂ ግዝት አይደለም።»

የአክስቴ ልጅ ጻፈ። ቀዩን አነሳና የደረሰ ገብስ የመሰለ ቢጫ ቀባው። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ከሩቅ ያየን ሰው ዝናብ የሚለምኑ ናቸው ይል ነበር። ከዚህም ከዚያም «ጠላ ላይ! ጠላ ላይ!» ተባለ። እልልታ ተጀመረ።

«የኔ አልተቀየረም» አሉ ባለ ጭራው።

እልልታው ተቋረጠ። ስልካቸውን ወደ ህዝቡ አዞሩት። ቀይ ነው። ውጉዝ ይላል። አያ ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የሙሽራዋ እናት ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። የአክስቴ ልጅ ላቡ መጣ፣ «ሰርቨሩ ላይ ተቀይሯል እኮ፣ ሰርቨሩ ላይ...» ይላል፤ ሰርቨር የሚባለውን ማን ያውቀዋል?

«ስልኩን ይስጡኝ አባቴ» አልኩ።

«ደግመህ ልታወግዝበት?»

«ስራዬ ነው፣ ይስጡኝ!»

እያመነቱ ሰጡኝ። አፑ የድሮውን ገጽ ይዞ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ያጠራቀመውን አጠፋሁ፣ ዘግቼ ከፈትኩት። ያቺ ገጹ እስኪከፈት የምትመጣ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። እኔ እንደዛ ቀን ኔትወርክ ለምኜ አላውቅም። ሁሉም ሰው እጄ ላይ አፍጥጧል፣ ቄሱም ጭምር። ከዛ ስሙ መጣ፣ ከስሙ ጎን ቢጫው መጣ። መለስኩላቸው።

ባለ ጭራው ስልኩን ወደ አይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ጠላ ላይ» አሉ። አያን አዩ። ጋቢያቸውን አራገፉ። «ታዲያ እሱ ጠላ ላይ ከሆነ እኛ እዚህ ጸሐይ ላይ ምን እንሰራለን?»

ወረድን። ባለ ጭራው ከአያ ደጃፍ ቆመው የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀበሉ፤ ሰው ሁሉ ጉሮሯቸውን እያየ፣ ግጥም አድርገው ጠጡት። አያ እንባቸው መጣ፣ ለምስጋና ንግግር ሊያደርጉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሚስታቸው በዋንጫ ቀደሟቸው። ወዲያው ወጥ ሰሪዎቹ ድስታቸውን እየተሸከሙ ከየአቅጣጫው ተመለሱ፣ አንዷም ለምን እንደሄደች አልተናገረችም።

እሁድ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ዳስ ገባ። የተጠራውም ያልተጠራውም መጣ፤ ከደባርቅ ሳይቀር «በስልክ ተወግዞ በስልክ የተፈታውን ሰውዬ እንይ» ብሎ የመጣ ነበር። ዳሱ አልበቃ ብሎ በጎን ሸራ ተቀጠለ። ሙሽራዋ ስትስቅ አየኋት፣ እኔን ስታይ ግን ፊቷን አዞረች፣ ሰርጓ ስለሆነ አልተናገርኳትም።

የአክስቴን ልጅ ከሽማግሌዎች ጎን አስቀመጡት፣ የተማረ ነው ብለው። እኔን ውሃ ቅዳ አሉኝ። የፈታሁት እኔ፣ ቃሉ እስኪገኝ በጸሐይ የተጠበስኩት እኔ፣ ውሃ የምቀዳውም እኔ! ጀሪካኑን ይዤ ስመላለስ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝና ወደ ጎን ወሰዱኝ። ስልካቸውን አወጡ።

«ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ጎረቤቴ ወሬ ያበዛል። ያ የድሮው ቃል ጨርሶ ጠፋ ወይስ የተረፈ አለ?»